የፓን ኦረስት አዲሱ ዳሌ

ፓን ኦረስት ፈገግ ማለት የጀመሩት ዳሌያቸው መበላሸት ሲጀምር ነው። ሚስታቸው ቬርና ግን ነገሩ የገባቸው ቆይቶ ነበር።

"እርጅና የተስማማው መስሎኝ ነዋ!" አሉኝ፣ ባላቸው ክሊኒኬ ውስጥ ከመጋረጃው ኋላ ሱሪ እስኪቀይሩ። "ጠዋት ከአልጋ ሲነሳ ፈገግ። ከትራክተር ሲወርድ ፈገግ። ደረጃ ሲወጣማ ጥርሱ በሙሉ ነው የሚታየው። እህቴ ጋ ደውዬ 'ኦረስት በመጨረሻ ሰው ወጣው' ብያት ነበር እኮ፣ ሌስያ። ዕድሜ ልኬን ስጠብቀው የኖርኩት ባል መጣልኝ ብዬ!"

"ቬርና፣ ሁሉንም እየሰማሁ ነው" አሉ ፓን ኦረስት ከመጋረጃው ኋላ።

"ስማ! እንድትሰማ ነው የምናገረው!"

ሳቄን መያዝ አቃተኝ። ቬርና ከሐይቁ ማዶ ተድረው የመጡ ናቸው። ጭፈራ አይወዱም፤ ባላቸው ቅዳሜ ቅዳሜ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ምድር ቤት ሲሄዱ ቤቱ ጸጥ ስለሚልላቸው፣ እዚያ ምን እንደሚሠራ ጠይቀው አያውቁም። እኛ ግን፣ ዩክሬናውያን ካናዳ ውስጥ የቆረቆሯት የሊፓ ልጆች፣ እናውቃለን። በዩክሬንኛ 'ፓን' የምንለው 'አቶ' ለማለት ነው፤ ፓን ኦረስት የዩክሬን ጭፈራ ሲያስተምሩን አንድ ሕግ ነበራቸው። ካመመህ ፈገግ በል፤ በጣም ካመመህ ጥርስህን አሳይ። መድረክ ላይ ፊቱን ያጨማደደ ልጅ በሚቀጥለው ሳምንት ወለል ያጥባል። እኔም ወለሉን በደንብ አጥቤዋለሁ።

የከተማችን ግማሽ ሰው የእሳቸው ተማሪ ስለነበረ፣ እኔ ፊዚዮቴራፒስት ሆኜ ስመለስ ሥራዬን በሌላ ዘዴ መሥራት ነበረብኝ። ሌላ ቦታ በሽተኛን "ሕመምዎ ምን ያህል ነው?" ብለው ይጠይቃሉ። እኔ ጥርስ ነው የማየው። ከዊኒፔግ የመጣው ወጣት ሐኪማችን መጀመሪያ ላይ ሊፓ የደስተኞች ከተማ መስላው ነበር።

የራጁን ፊልም መብራቱ ላይ ሰቅዬ ለባልና ሚስቱ አሳየኋቸው። የጭን አጥንት ጫፍ ኳስ ነው፤ ዳሌ ላይ ደግሞ ያችን ኳስ የሚቀበል ጎድጓዳ ቦታ አለ፤ ሁለቱም የሚያሟልጭ ልባስ አላቸው። ሰው የሚራመደው፣ የሚቀመጠው፣ እግሩን የሚያነባብረው ኳሷ በጎድጓዳው ውስጥ እንደ ልቧ ስለምትዞር ነው። የፓን ኦረስት ኳስ ክብ መሆኗን ከተወች ቆይታለች። ልባሱ አልቆ አጥንት ከአጥንት ጋር ይፋተግ ነበር።

"ይሄ ሁሉ ሲሆን አንድ ቃል አልተነፈሱም?" አልኳቸው።

"ፈገግ ብያለሁ" አሉ፣ ኮራ ብለው።

በኦክቶበር ቀዶ ሕክምና ተደረገላቸው። ያረጀችው ኳስ ወጥታ በምትኳ ብረት ገባ፤ ጎድጓዳውም አዲስ ልባስ ለበሰ። ከሆስፒታል ሲወጡ ወደ እኔ መጡና ሕጉን አስቀመጥኩላቸው። ወንበር ላይ ሲቀመጡ ዳሌዎ ከጉልበትዎ በታች እንዳይወርድ። እግርዎን እንዳያነባብሩ። የእግርዎን ጣት ወደ ውስጥ እንዳያዞሩ። ሐኪሙ የገባው በኋላ በኩል ነው፤ እዚያ፣ ከትልቁ የመቀመጫ ጡንቻ ሥር፣ ጭንን ወደ ውጭ የሚያዞሩ ትንንሽ ጡንቻዎች አሉ። እነሱ ተቆርጠው መልሰው ተሰፍተዋል። እስኪጠኑ ድረስ ኳሷ በኋላ በኩል ሾልካ ብትወጣ የሚይዛት የለም።

በጸጥታ አዳመጡኝ። ዝምታቸው ደስ አላለኝም፤ ፓን ኦረስት ዝም የሚሉት ልባቸው ውስጥ የያዙት ነገር ሲኖር ነው።

"ሮክሳና በጁላይ ታገባለች" አሉ በመጨረሻ።

ሮክሳና የልጅ ልጃቸው ናት። ነገሩ ገባኝ። በእኛ ዘንድ ሠርግ ከእራት በኋላ ኮሎሜይካ አለው፤ እንግዳው ሁሉ ክብ ሠርቶ ያጨበጭባል፣ የሚችል እየገባ የሚችለውን ያሳያል። በእነሱ ቤተሰብ ደግሞ ክቡን የሚከፍተው ከሙሽራዋ ወገን በዕድሜ ትልቁ ወንድ ነው፤ የሚከፍተውም በፕሪሲያድካ ነው። ቁጢጥ ብሎ፣ ክንዱን ደረቱ ላይ አጣጥፎ፣ አንዱን እግር ወደ ፊት ወርውሮ፣ ዘሎ ሌላውን። ፓን ኦረስት በሁለት ሴት ልጆቻቸው ሠርግ አድርገውታል። በእኔም ሠርግ አድርገውታል፤ አባቴ ስለሞተ በእሱ ቦታ ገብተው። ያን ቀን ሲወርዱ ያየሁትን ጭን እስካሁን አልረሳሁትም።

"በጁላይ ወንበር ላይ ተቀምጠው ያጨበጭባሉ" አልኳቸው።

"ክቡን ማን ሊከፍት?"

"ከእርስዎ ቀጥሎ ማነው ትልቁ?"

ፊታቸው ጠቆረ። "ቦዳን።"

ቦዳን የቬርና ወንድም ናቸው። በሕይወታቸው ሁሉ ይህን ተራ ሲጠብቁ የኖሩ ሰው ናቸው፤ የጨፈሩ እንደሆነ ግን ወለሉ ነው የሚያሳዝነው።

ክረምቱን ሙሉ በሳምንት ሁለቴ መጡ። በረዶው መኪና መንዳት ስለሚያስቸግራቸው የሚያመላልሷቸው ራሳቸው ቦዳን ነበሩ፤ ከአምላክ የተላከ ቅጣት ነው ይሉ ነበር ፓን ኦረስት። ቦዳን ግድግዳው ጥግ ተቀምጠው፣ ኮፍያቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው፣ አፋቸው አያርፍም።

"ኦረስት፣ ብረቱ ዝገት አይዘውም? የኮምባይኑን ዘይት ላምጣልህ?"

"ለጭንቅላትህ ተጠቀምበት።"

"እኔ ለጁላይ ጫማ ገዝቻለሁ።"

"ላሞችህን ቀድመህ አስጠንቅቃቸው። ስትዘል ወተት እንዳይደርቅባቸው።"

"ቢያንስ እኔ የራሴ አጥንት ነው ያለኝ!"

ሥራው እንዲህ ባለ ጭቅጭቅ መካከል ነው የሚሠራው። አስቸጋሪው የዳሌ ጎን ጡንቻ ነበር። ሰው በአንድ እግሩ ሲቆም ዳሌው ወደ ሌላው ወገን እንዳይዘም የሚይዘው እሱ ነው፤ እሱ ከደከመ ሰውየው ሲራመድ እንደ ዳክዬ ወዲያና ወዲህ ይላል። ፓን ኦረስትን በአዲሱ እግር አቁሜ ዳሌያቸውን ሳይ ቀጥ ያለ ነው፤ ውሃ ቢቀመጥበት አይፈስም። ተገረምኩ። ቀረብ ብዬ ሳይ ግን እጃቸው ወገባቸው ላይ ነው፣ ደረታቸው ወደ ጎን ዘንበል ብሏል፣ አገጫቸው ቀና ብሏል።

"እጅዎን ያውርዱ።"

"ጌጥ ነው እኮ፣ ልጄ።"

"ጌጥ ሳይሆን ምርኩዝ ነው። ያውርዱ።"

አወረዱ፤ ዳሌውም አብሮ ወረደ። ቦዳን ከጥጋቸው ሆነው ሳቁ። የጭፈራ ሰው ድካሙን እንዴት እንደሚደብቅ ያስተማሩኝ ራሳቸው ስለሆኑ፣ እኔን ማታለል እንደማይችሉ ማወቅ ነበረባቸው። ያም ሆኖ በየሳምንቱ ሞከሩ፤ እኔም በየሳምንቱ ያዝኳቸው፤ ሁለታችንም ደስ ይለን ነበር፣ ልዋሽ አልችልም።

አንድ ቀን በስልክ አነጋግሬ ስመለስ ፓን ኦረስት ሌሎቹን በሽተኞቼን፣ ሦስት ባልቴቶችን፣ ከአግዳሚው ብረት ጋር ደርድረዋቸው አገኘሁ። "ራዝ፣ ድቫ! ራዝ፣ ድቫ!" እያሉ፣ አንድ ሁለት እየቆጠሩ፣ ያጨበጭባሉ። ሴቶቹ እግራቸውን ወደ ጎን እያነሱ ያወርዳሉ፤ ከእኔ ጋር "ከዚህ በላይ አልችልም" ያለችው ሴትዮ እግሯን ከማንም በላይ ሰቅላለች። ሁሉም ፈገግ ብለዋል። ማነው ያመመው፣ ማነው የተደሰተው፣ መለየት አቃተኝና ሁሉንም አስቀመጥኳቸው።

በረዶው መቅለጥ ሲጀምር ቬርና ደወሉልኝ።

"ሌስያ" አሉ፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። "ፈገግታው ተመልሶ መጣ።"

"መቼ?"

"ከትናንት ወዲያ ጀምሮ። ቁርስ ላይ እንቁላሉን እያየ ፈገግ ይላል። አሁን ደግሞ የትራክተር ቤቱን በር ከውስጥ ዘግቷል።"

መኪናዬን አስነስቼ በረርኩ። የትራክተር ቤቱ የጎን መስኮት አለው፤ በዚያ አየሁ። ፓን ኦረስት የትራክተሩን የኋላ ጎማ በሁለት እጃቸው ይዘው ቁጢጥ ብለዋል። መቀመጫቸው ተረከዛቸው ላይ ሊደርስ አንድ ስንዝር አይቀረውም። ጥርሳቸው በሙሉ ይታያል።

መስኮቱን መታሁት። "ይነሱ! አሁኑኑ! ቀስ ብለው!"

ተነሱ። በሩን ከፈቱልኝ። ምን እንዳልኳቸው ሁሉንም አላስታውስም፤ ጮህኩባቸው፤ ዕድሜያቸውን፣ አስተማሪዬ መሆናቸውን ረስቼ እንደ ሕፃን ተቆጣኋቸው። በመጨረሻ እንባዬ መጣ። እሳቸውም የጎማውን ጭቃ እየፈቀፈቁ ጠበቁኝ።

"ጨረስሽ?"

"አልጨረስኩም።"

"እንግዲያው ልጠይቅሽ። አንቺ የከለከልሽኝ እግሬን ወደ ውስጥ ማዞር ነው። ቁጢጥ ስል ጉልበቴ ወዴት ነው የሚሄደው?"

"ወደ ውጭ" አልኩ፣ ሳልወድ።

"ወደ ውጭ! ታዲያ ኳሷ በየት በኩል ትሾልካለች?"

ነገራቸው ልክ ነበር። ጉልበት ወደ ውጭ ተከፍቶ ሲወረድ ኳሷ ጎድጓዳው ውስጥ ደህና ትቀመጣለች። በዚህ ላይ ዕድሜ ልካቸውን የወረዱበት ቦታ ነው፤ የውስጥ ጭናቸው እንደ ወጣት ይለጠጣል። ግን ያ የነገሩ ግማሽ ብቻ ነው።

"መውረዱ አይደለም የሚያስፈራኝ" አልኩ። "መነሳቱ ነው። ይቀመጡ።"

ባዶ በርሜል ላይ አስቀምጬ ሁለቱን ጭኖቻቸውን በእጆቼ ያዝኩ። የድሮው እግር ጭን እንደ ግንድ ነው። የአዲሱ ግን ከሱሪው ሥር ሲጨብጡት ይሟሽሻል። "ይሄ የጭን ፊት ጡንቻ አራት ራስ አለው። ከቁጢጥ የሚያነሳዎ እሱና መቀመጫዎ ናቸው። እዚህ በኩል ገና አልጠና። ሲዝል ጉልበትዎ ወደ ውስጥ ይወድቃል፤ ጉልበት ወደ ውስጥ ሲወድቅ ኳሷ በኋላ በኩል ትወጣለች። የት? የአዳራሹ ወለል ላይ። ሮክሳና በነጭ ቀሚሷ አምቡላንስ ውስጥ አብራዎ ትገባለች። ሠርጓ ያ ይሆናል።"

ይህን አላሰቡትም ነበር። ለመጀመሪያ ጊዜ በጥርሳቸው ፈንታ ፊታቸውን አየሁት፤ ሽማግሌ ፊት ነው።

"ሌስያ" አሉ፣ "ቃል ገብቼላታለሁ። ትንሽ ልጅ ሆና፣ ጉልበቴ ላይ ተቀምጣ። ክብ ውስጥ ገብቼ ካልወረድኩ እኮ ሞቻለሁ ማለት ነው። እነሱ ቀብረውኝ ሳይሆን፣ እኔ ራሴ ማጨብጨቤን እያየሁ።"

እኔም እንዲገቡ ነበር የምፈልገው። ከማንም በላይ እፈልግ ነበር።

"ይግቡ" አልኩ። "ግን ከወንበር ከፍታ በታች አይወርዱም። ጭንዎ ከወለሉ ጋር እኩል ሲሆን ያቁሙ። መዝለል የለም፤ እግር መወርወር የለም።"

"ግማሽ ፕሪሲያድካ?" አሉ በንቀት። "ቦዳን እስኪሞት ይስቅብኛል።"

"ይሳቅ። ሲስቅ አምቡላንስ አያስፈልገውም።"

እሺ አላሉኝም፤ እንቢም አላሉኝም። የቀረውን ጊዜ ሁሉ ለዚያ ጭን አዋልነው። ግድግዳ ተደግፎ መቀመጥ፣ ወንበር ጫፍ ነክቶ መነሳት፣ ደረጃ መውጣት። ቦዳን ሳይቀሩ "ከቻልክ አምስት ድገም" እያሉ ያነሳሱ ነበር፤ በኋላ ሲሰለቻቸው እሳቸውም ከጎን ግድግዳውን ተደግፈው ተቀመጡና መነሳት አቅቷቸው ሁለት ሆነን አነሳናቸው።

የሠርጉ ዕለት ከእራት በኋላ ፀሐይዋ ገና አልጠለቀችም ነበር፤ በምዕራብ መስኮቶች ገብታ ወለሉን አቅልታዋለች። የእራቱ የጎመን ጥቅልል ሆሉብቺና በድንች የተሞላው ፒሮሂ ተነስቶ ወንበሮቹ ወደ ግድግዳ ተገፉ። ቫዮሊኑ ኮሎሜይካውን ሲጀምር አዳራሹ ሁሉ ክብ ሠራ። እኔ ከፊት ነበርኩ። ቦዳን በአዲሱ ጫማቸው ከእኔ ጎን ቆመው እግራቸውን ያፍታታሉ።

"ካልገባ እገባለሁ" አሉኝ በጆሮዬ። ከዚያ ግን ቀስ ብለው "ይግባ ግን" አሉ። ዞር ብዬ አየኋቸው፤ አላዩኝም።

ፓን ኦረስት ገቡ። ኮታቸውን አውልቀው ለቬርና ሰጡ፤ የጥልፍ ሸሚዛቸውን እጅጌ ከፍ አደረጉ፤ መሃል ደርሰው ለሙሽራዋ እጅ ነሱ። ሮክሳና ሁለት እጆቿን አፏ ላይ አደረገች። ክንዳቸውን ደረታቸው ላይ አጣጠፉ፣ ተረከዛቸውን ገጠሙ፣ ጉልበታቸውን ወደ ውጭ ከፈቱ፤ መውረድ ጀመሩ። ቫዮሊኑም ለመጀመሪያው ዝላይ ሊያዘጋጃቸው ፈጠነ።

ጭናቸው ከወለሉ ጋር እኩል ሆነ። እዚያ ላይ ቆሙ።

ሕዝቡ ጠበቀ። ይወርዳሉ ብሎ ጠበቀ፤ አልወረዱም። አልተነሱምም። ክንዳቸውን እንዳጣጠፉ፣ ጀርባቸው እንደ በር ቀጥ ብሎ፣ በአየር ላይ እንደተቀመጡ ቀሩ። አንድ የሙሽራው ጓደኛ የጨረሱ መስሎት ዘሎ ገባና ቁጢጥ ብሎ እግሩን መወርወር ጀመረ። ሌላው ተከተለው። ወጣቶቹ እየዘለሉ ዞሯቸው፤ እሳቸው መሃል ላይ ንቅንቅ የለም።

ያልጨፈረ ሰው ዝላዩ ይከብዳል ይላል። አይደለም። እየዘለልክ ስትወርድ ጅማትህ እንደ ላስቲክ ተስቦ ራሱ ወደ ላይ ይመልስሃል፤ ጡንቻህ በየመሃሉ ያርፋል። ግማሽ ላይ መቆም ግን ዕረፍት የለውም። ጭንህ እሳት ይይዘዋል፤ እሳቱም እየባሰ ነው የሚሄደው። ከወጣቶቹ አንዱ ብልጥ ልጅ ይህን አየና እሱም ከፓን ኦረስት ፊት ለፊት ግማሽ ላይ ተቀመጠ። ሌሎቹም። አዳራሹ ገባው፤ ጩኸቱ ጣራ ነካ። ልጆቹ አንድ በአንድ ጉልበታቸው ተንቀጥቅጦ በመቀመጫቸው ዘፍ፣ ዘፍ አሉ። የመጨረሻው ልጅ ሲወድቅ ቦዳን አጠገቤ ቆመው፣ የአዲስ ጫማቸውን ነገር ረስተው፣ "አዎ! አዎ! የእኛ ሰው!" እያሉ ይጮሁ ነበር።

ፓን ኦረስት ብቻቸውን ቀሩ። ከዚያ ክንዳቸውን ፈትተው አንድ እጃቸውን ወደ እኔ ዘረጉ።

ሕዝቡ እልል አለ። ተማሪያቸውን ለጭፈራ የጠሩ መስሎት ነው። እኔም መሰለኝ፤ ቀሚሴን ሰብስቤ እየሳቅሁ ገባሁ። እጃቸውን ስይዘው ግን ቀዝቅዞ በላብ ርሷል። ጎንበስ አልኩ።

"ልጄ" አሉኝ፣ ከንፈራቸው ሳይንቀሳቀስ። "መነሳት አቃተኝ።"

እኚህን ሰው ከልጅነቴ ጀምሮ አውቃቸዋለሁ፤ ይህን ቃል ከአፋቸው ሰምቼ አላውቅም። ሌላውን እጃቸውንም ያዝኩ። እግሬን ከእግራቸው ፊት አስደግፌ "ተረከዝዎን ወለሉ ላይ ይግፉት፤ ጉልበትዎ ወደ ውጭ፤ የቀረውን ለእኔ ይተዉት" አልኳቸው።

ተዉት። እንደሚኮሩ አውቃለሁ፤ ትንሽ ሰጥተው ብዙውን ለራሳቸው ያስቀራሉ ብዬ ጠብቄ ነበር። እሳቸው ግን ክብደታቸውን በሙሉ፣ አንድም ሳያስቀሩ፣ በሁለት እጆቼ ላይ ጣሉት። ወደ ኋላ ዘንበል አልኩና አነሳኋቸው፤ በሙዚቃው ምት፣ ማንም ሳያውቅ። ሲቆሙ ኳሷ ቦታዋ ላይ ነበረች። ግንባራቸውን ትከሻዬ ላይ ጥቂት አሳረፉ፤ ትንፋሻቸው ሲመለስ በዝግታ ይዘውኝ መዞር ጀመሩ። እኔም እየመሩኝ ዞርኩ።